በቤት የእንጨት ምድጃ ውስጥ ስለሚደረደረው የእሳት ጡብ

በደጋ አገር የክረምቱን ብርድ ለመከላከል የብረት ምድጃ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የብረቱን ውፍረት፣ የበሩን መስታወትና የቀለሙን ማማር ነው። በምድጃው ሆድ ውስጥ ስለ ተደረደሩት ገርጣ ያሉ ጡቦች የሚጠይቅ ደንበኛ ጥቂት ነው፤ ስለ እነርሱ አጥርቶ የሚመልስ ባለ ሱቅም እንደዚሁ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ምድጃው ለብዙ ዓመት ማገልገሉ ወይም በሁለተኛው ክረምት ጐኑ ተጣሞ መጣሉ በአመዛኙ የሚወሰነው በእነዚሁ ጡቦች ነው።

የእሳት ጡብ ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ብረቱን ከነበልባል መጋረድ ነው። ደረቅ እንጨት በተዘጋ ምድጃ ውስጥ ሲነድ ሙቀቱ ወደ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀርብ ይችላል፤ ብረቱ በዚህ ሙቀት ባይቀልጥም ይግላል፣ ይጣመማል፣ ቀስ በቀስም ተበልቶ ይሳሳል። ሁለተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ ይኸውም ሙቀቱን በእሳቱ ክፍል ውስጥ ማቆየት ነው። ከእንጨት የሚወጣው ጢስ ራሱ የሚነድ ስለ ሆነ፣ ክፍሉ በደንብ ሲሞቅ እዚያው ይቃጠላል። ክፍሉ ከቀዘቀዘ፣ ወይም የሚማገደው እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ፣ ጢሱ ሳይነድ ወደ ጢስ መውጫው ይወጣና እንደ ቅጥራን ያለ ጥቀርሻ ሆኖ ይለጠፋል። ይህ ጥቀርሻ በእሳት የተያያዘ ቀን ቤት ያቃጥላል፤ ቱቦውን የደፈነ ጊዜም ሽታ የሌለውን መርዘኛ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ወደ መኝታ ቤት ይመልሳል።

ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ በእሳት ጡብ ፈንታ ተራውን ቀይ የግንብ ጡብ ማስገባት የታወቀ ስሕተት ነው። የእሳት ጡብ የሚሠራው አልሙና እና ሲሊካ ከበዛበት ልዩ ሸክላ ሲሆን፣ በእንጨት እሳት ሙቀት አይለሰልስም፤ ደጋግሞ መሞቅና መቀዝቀዝንም ይችላል። ቀዩ ጡብ ለግድግዳ የተሠራ ነው። ውሃ ይመጥጣል፤ በድንገት ሲሞቅም ይሰነጠቃል፣ ፊቱም እየተላጠ ይወድቃል። ተራ ሲሚንቶም በዚህ ሙቀት ጥንካሬውን አጥቶ ይፈረፈራልና በእሳቱ ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም።

ለብረት ምድጃ በብዛት የሚሸጠው ጡብ ርዝመቱ 9 ኢንች፣ ወርዱ 4 ተኩል ኢንች፣ ውፍረቱ 1 ከሩብ ኢንች፣ ማለትም 229 በ114 በ32 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ልኩ አንድ ሆኖ ዐይነቱ ሊለያይ መቻሉን ባለ ሱቁ ልብ ይበል። ከባዱ ጡብ ሙቀትን አከማችቶ እሳቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ቤቱን ያሞቃል፤ ቀላሉ ሙቀቱ ወደ ብረቱ እንዳያልፍ ይከላከላል። በአውሮፓ በሚሠሩ ብዙ ምድጃዎች ደግሞ ቨርሚኩላይት የሚባል ቀላል ሰሌዳ ይገባል፤ ይህም እንጨት ሲወረወርበት በቀላሉ ይሰበራል። ሠሪው ካልፈቀደ በቀር አንዱን በሌላው መለወጥ አይገባም።

አገጣጠሙ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ምድጃው ፈጽሞ ከቀዘቀዘና ዐመዱ ከተጠረገ በኋላ፣ አሮጌዎቹ ጡቦች ከመነሣታቸው በፊት የአቀማመጣቸው ተራ በወረቀት ላይ ይሣላል። በብዙዎቹ ምድጃዎች የወለሉ ቀድሞ ይነጠፋል፤ ከዚያ የኋላው ይቆማል፤ በመጨረሻ የጐኖቹ ገብተው የኋላውን ደግፈው ይይዙታል። ከላይ የሚይዛቸው የብረት ከንፈር ካለ ጡቡ አዘንብሎ ከከንፈሩ ሥር ይገባና ታችኛው ጫፉ ወደ ግድግዳው ይገፋል። በእንደዚህ ያለ ምድጃ ውስጥ ማጣበቂያ አይደረግም። ጡቡም ብረቱም ሲሞቁ ይሰፋሉ፤ ስለዚህ እንደ ካርቶን ውፍረት ያለ ክፍተት ሊተውላቸው ይገባል፤ ክፍተቱንም ዐመዱ ራሱ ይሞላዋል። በመዶሻ ተመትቶ የገባ ጡብ ወይ ራሱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ብረቱን ይገፋል። በግንብ ለሚሠራ ምድጃ ግን ለእሳት ተብሎ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያስፈልጋል፤ እርሱም በስሱ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀባል።

ጡብ መቁረጥ ሲያስፈልግ ብናኙ ሳንባን የሚጐዳ ሲሊካ ስላለበት፣ በውሃ እያራሱ፣ አፍና አፍንጫን በተገቢው መከላከያ ሸፍኖ መቁረጥ ግዴታ ነው። በአሮጌ ምድጃዎች በር ዙሪያ ያለው ገመድ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይታወቅ መፋቅ የለበትም።

አዲስ ምጣድ ሳያሟሹ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ፣ አዲስ ጡብም መሟሸት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ እሳት ብቻ ይነድና እንዲቀዘቅዝ ይተዋል፤ በማግስቱ ጥቂት ይጨመርበታል። በውስጡ ያለው እርጥበት ቀስ ብሎ ካልወጣ በእንፋሎት ኀይል ጡቡን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ወዲያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ቢታይ ደንበኛው አይደንግጥ፤ ጡቡ የሚለወጠው ሲፈረፈር ወይም በስንጥቁ ውስጥ ብረቱ መታየት ሲጀምር ነው።

አስመጪው ምድጃ ሲያዝ መለዋወጫ ጡቦችን ዐብሮ ቢያዝ ይጠቀማል። ከባዱ ጡብ አንዱ ብቻ ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ስለሚመዝን፣ በኋላ ለብቻው ሲመጣ የማጓጓዣው ኪራይ ከጡቡ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ የምድጃው ስምና ቍጥር፣ የእያንዳንዱ ጡብ ልክና ዐይነት በግልጽ ይጻፍ። ዕቃው ሲደርስም ሣጥኑ በደረቅ መጋዘን፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይቀመጥ፤ በዝናብ የራሰ ጡብ ካለም በሚገባ ሳይደርቅ ለደንበኛ አይሰጥ።