«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት

እናት የልጃቸውን ስም ሲዘነጉ፣ ወጡ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ሲጨምሩ «ጃጅተዋል» ብሎ መተው በየቤቱ የተለመደ ነው። ነገሩ ግን በሽታ ሊሆን ይችላል።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አንዲት የመርሳት ሕመምተኛ መረመረ። ዕድሜዋ ገና 51 ነበር። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ቢመለከት እንግዳ የሆነ ክምችት አገኘ።

ዛሬ እንደሚታወቀው፣ አሚሎይድ ቤታ የተባለው የፕሮቲን ቁራጭ ቅርጹ ሲበላሽ ከመሰሎቹ ጋር እየተጣበቀ እንደ ክር ይደራረባል፤ በአንጎል ሕዋሳት መካከልም ይከማቻል።

ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ እናታችን አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢደጋግሙ ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለምና ቁጣው ይቅር። ሐኪም ይያቸው። የማስታመሙም ሸክም ባንዲት ሴት ልጅ ጫንቃ ላይ ብቻ አይውደቅ፤ ወንዶች ልጆችም ይካፈሉት።