ሾተልና ጊሌ በምናባዊ ጨዋታዎች ምደባ

በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘው ምናባዊ ጨዋታ፣ በኋለኞቹ እትሞቹ የመካከለኛውን ዘመን መሣሪያዎች በሚያደርሱት ጉዳት ለይቶ ጦርን ከሚወጉት፣ ሰይፍን ከሚቆርጡት፣ ዱላን ከሚቀጠቅጡት ይመድባል። ምደባው ለተጫዋች ምቹ ቢሆንም፣ መለኪያው በአብዛኛው ከአውሮፓ ጦር ሜዳ የተቀዳ በመሆኑ የኢትዮጵያን መሣሪያዎች ሲያገኝ ይጠብባቸዋል።

ለዚህ ሾተል ጥሩ ማሳያ ነው። ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ በሁለት ወገን የተሳለ ረጅም ሰይፍ ሲሆን፣ ቀጥ ያለ ሰይፍ ጋሻ ላይ ሲያርፍ በሚቆምበት ቦታ፣ የሾተል ጫፍ ግን በጋሻው ጠርዝ ዞሮ ከኋላው የተከለለውን ትከሻ ወይም ጎን ይወጋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዳርክ ሶልስ» ሾተልን ከጎባጣ ሰይፎች መድቦ ጋሻን አልፎ የሚጎዳ ምት ስለሰጠው፣ የመሣሪያውን ምንነት በሚገባ ተረድቷል ማለት ይቻላል። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በበኩሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ተጨማሪ ክፍሉ ባለ ሾተሉን የኢትዮጵያ ልዩ ተዋጊ አድርጎታል።

አፋሮች በወገባቸው የሚታጠቁት ጊሌም፣ ማለትም በሁለት ወገን የተሳለው ጎባጣ ጩቤ፣ መሣሪያን በቅርጹ በሚለይ ምደባ ለሁለት ክፍሎች ይገባል፤ በማጠሩ ከጩቤዎች፣ በመጉበጡ ደግሞ ከጎባጣ ሰይፎች ወገን ነውና፣ ርዝመትን ብቻ የሚያይ ሠንጠረዥ ጉብጠቱን፣ ጉብጠትን ብቻ የሚያይ ደግሞ ማጠሩን ይዘነጋል።