በስኳር በሽተኛ እግር ላይ የደምን ጉዞ በብርሃን ስለ ማየት

በቤቱ የስኳር በሽተኛ ያለበት ሰው ይህን ነገር ልብ አድርጎ ይመልከት። በሽታው ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል፤ ደም የሚያደርሱትንም ሥሮች ያጠባል። ስለዚህ ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ሳያምም ይሰፋል፤ በቂ ደምም ካልደረሰው አይሽርም፤ ፍጻሜውም እግርን እስከ መቁረጥ ሊደርስ ይችላል።

ሐኪሞች የደሙን ግፊት በቁርጭምጭሚት ላይ ይለካሉ። ነገር ግን የስኳር በሽተኛ የደም ሥር ብዙ ጊዜ ስለሚደነድን፥ ደሙ አንሶ ሳለ ልኩ ደኅና መስሎ ይታያል።

በ1842 ዓ. ም. በአውሮፓ አቈጣጠር የኦስትሪያው ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር፥ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚሰደው ሞገድ በእንቅስቃሴው ምክንያት እንደሚለወጥ ገለጠ። ዛሬ በዚሁ ሕግ የሌዘር ብርሃን በቁስሉ ላይ ይበራል፤ ከሚሮጠው ደም ተለውጦ የተመለሰውን ብርሃን መሣሪያው ተቀብሎ፥ ደም የበዛበትንና ያነሰበትን ስፍራ በቀለም ለይቶ ይሥላል። መርፌም ምላጭም አያስፈልገውም። ሆኖም ብርሃኑ የሚያየው ከቆዳው በታች አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ የታላላቆቹን ሥሮች ምርመራ አይተካም።

ይህም ሁሉ የሚጠቅመው በሽተኛው በጊዜ ሲደርስ ነው። እንግዲህ የቤቱ እመቤት ማታ ማታ እግሩን በመብራት ትመልከትለት፤ ቁስል ብታገኝ «አላመመኝም» ቢላት እንኳ ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትውሰደው።