የእናቴ ካውያ ለምን ተቃጠለ?



ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ ከዚህ ከአሜሪካ ካውያ ይዤላት አዲስ አበባ ገባሁ። ገና ሶኬቱ ላይ ከመሰካቱ ጨሰና አበቃለት። «ምነው ልጄ፣ የተበላሸ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?» አለች። ካውያው ደህና ነበር፤ ጥፋቱ የኔው ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ሁለት ፊኛ ነፍታችሁ በፀጉራችሁ እሹ። ሁለቱም ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ፤ ስታቀራርቧቸውም ይገፋፋሉ። ቻርጅ በዙሪያው ሌላውን ቻርጅ የሚገፋበት ወይም የሚስብበት ክልል የኤሌክትሪክ መስክ ይባላል። ፊኛዎቹን በግድ ስታጠጋጉ እጃችሁ ሥራ ይሠራል። ያ ሥራ የትም አይጠፋም፤ ጉልበት ሆኖ ይቀመጣል፤ ስትለቋቸው ተስፈንጥረው ይመልሱታል።

ውሃ ተሸክሞ እንጦጦን እንደ መውጣት ነው። በጥምዝምዙ መንገድም ውጡ በአቋራጩ፣ ውሃው ከላይ ሲደርስ የሚኖረው ጉልበት እኩል ነው። በፊኛዎቹም እንዲሁ፦ የሚቆጠረው መነሻና መድረሻ እንጂ መንገዱ አይደለም። (የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሄ ነገር ደስ ይለኛል!)

ታዲያ ቮልት ምንድን ነው? አንድ ኩሎም ቻርጅ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲሄድ ስንት ጁል ሥራ እንደሚሠራ የሚነግረን ነው። የግድግዳ ሰዓት ባትሪ 1.5 ቮልት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ኩሎም 1.5 ጁል ይሰጣል። የአሜሪካ ሶኬት 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 220 ነው።

ካውያዬ የተሠራው ለ120 ነበር። በ220 ሲሰካ እያንዳንዱ ኩሎም ሁለት እጥፍ የማይሞላ ጉልበት ነው የሚጨምረው። ግን ቮልቱ ሲያድግ በሽቦው ውስጥ በየሰከንዱ የሚያልፈው ቻርጅም አብሮ ያድጋል። ሁለቱ ሲባዙ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል! 1,200 ዋት የነበረው ወደ 4,000 ይጠጋል፤ ይህንን የትኛው ካውያ ይችላል?

ወላጆች፣ ለክረምት አገር ቤት ስትሄዱ ዕቃውን ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ጀርባውን ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። «100-240» ካለ፣ እንደ አብዛኛው የስልክ ቻርጀር፣ ችግር የለም። «120» ብቻ ካለ ዋቱን የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የምትለውጠው ትንሿ መሰኪያ ቮልቱን አትቀንስም፤ እኔን ያታለለችኝ እሷ ናት።

ልጆች፣ ሙከራው በፊኛ ብቻ ነው፤ ሶኬት አትነካኩ!