የጓሮ ቲማቲም፦ ከዘር ምርጫ እስከ ለቀማ

ቲማቲም ሙቀት ወዳድ ተክል ነው። የዱር ዘመዶቹ በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች ምዕራባዊ ወገን ይበቅላሉ። ቀኑ ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ በደንብ ያድጋል፤ ያፈራልም። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ወይም ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲግል ግን የወንዴ ዘሩ ይዳከምና አበባው ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል። ቅጠሉ ለምልሞ ፍሬ የነፈገ የጓሮ ቲማቲም ብዙውን ጊዜ የታመመ ሳይሆን ወቅቱን ስቶ የተተከለ ነው።

ስለዚህ ከዘሩ በፊት ወቅቱ ይታሰብ። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋማ ከተሞች ክረምቱ ለቲማቲም ክፉ ነው። ቅጠሉ ሳይደርቅ ስለሚሰነብት ገበሬው ምች የሚለው በሽታ፣ ድንችንም የሚያጠቃው ያው በሽታ፣ ሙሉ መደቡን በጥቂት ቀናት ያጠቁረዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ለደጋው ጓሮ የሚሻለው በጥር መጀመሪያ ዘርቶ፣ ችግኙን ሌሊት ሌሊት ከውርጭ እየሸፈኑ ማሳደግና በየካቲት አጋማሽ ማዛወር ነው። እንዲህ የተተከለ ቲማቲም የሚያብበው ሞቃቶቹ ወራት ላይ ነው፤ አብዛኛው ፍሬም የሐምሌ ዝናብ ሳይበረታ ይለቀማል። በስምጥ ሸለቆና በሌሎች ቆላማ ስፍራዎች ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ መሸሽ ያለበት የመጋቢትና የሚያዝያ ሐሩር ስለሆነ፣ ዝናቡ እንዳበቃ ተክሎ በመስኖ ማሳደግ ይመረጣል።

የቲማቲም ዝርያዎች በአስተዳደጋቸው ሁለት ወገን ናቸው። አጭሮቹ የተወሰነ ቁመት ላይ ሲደርሱ ጫፋቸው አበባ ይዞ እድገታቸው ይቆማል፤ ፍሬያቸውም በተቀራረበ ጊዜ ይደርሳል። ረጃጅሞቹ ሳያቋርጡ ወደ ላይ እየሄዱ ለወራት ያፈራሉ፤ ድጋፍና ክትትል ግን ይፈልጋሉ። ቦታው ጠባብ ለሆነበት፣ በተለይም በረንዳ ላይ በባልዲ ወይም በጆንያ ለሚተክል ሰው አጭሩ ይበጃል። ፀሐያማ አጥር ወይም ግድግዳ ያለው ሰው ረጅሙን ቢተክል ለረጅም ጊዜ ይለቅማል። በኢትዮጵያ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካሾላ፣ መልካሳልሳ፣ ቢሾላ፣ ፈጣንና ሚያ በስም ይታወቃሉ። ከውጭ ከገቡት ሮማ ቪኤፍ የቆየ ነው። ቪ እና ኤፍ የሚሉት ፊደላት ዝርያው ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የተባሉትን፣ በአፈር በኩል ገብተው ተክሉን የሚያጠወልጉ ሻጋታዎች እንደሚቋቋም ያመለክታሉ። የዘር ማሸጊያ ላይ እንዲህ ያለ ፊደል ማንበብ ከሥዕሉ ውበት ይልቅ ይጠቅማል።

ዘሩ በደቃቅ አፈርና በበሰለ ብስባሽ ድብልቅ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይዘራል። ሙቀት ካገኘ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። ችግኙ ብርሃን ካጠረው ይቀጥናል፤ ውሃ ከበዛበት ደግሞ ከሥሩ ይበሰብሳል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከቆየ በኋላ፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ፣ ውሃውን ቀነስ አድርጎና ፀሐዩን አለማምዶ ማዛወር ነው። የቲማቲም ግንድ አፈር የነካው ሁሉ ሥር ስለሚያወጣ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች ቆርጦ ችግኙን ጠለቅ አድርጎ መቅበር ተክሉን ያጠነክረዋል። በተክሎች መካከል ለአጭሮቹ ከ30 እስከ 40፣ ለረጃጅሞቹ 50 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይቋጥር፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ድንች፣ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ያልበቀለበት ይሁን። የአንድ ቤተሰብ ናቸውና በሽታቸውን በአፈር ይወራረሳሉ። ፍግ የሚጨመረው በደንብ ከበሰለ ብቻ ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ተክል ቅጠል እንጂ ፍሬ አያበዛም።

ብዙ ጓሮ የሚበላሸው በውሃ አጠጣጥ ነው። መደቡ ለሳምንት ደርቆ ከርሞ በአንድ ቀን ሲጥለቀለቅ ፍሬው ይሰነጠቃል፤ ቂጡም ጠቁሮ ይጎደጉዳል። ይህ ጥቁረት ተላላፊ በሽታ ስላልሆነ መድኃኒት አይረጭለትም። መንስኤው ካልሲየም ወደ ፍሬው በበቂ ሁኔታ አለመድረሱ ነው። ካልሲየም ከውሃ ጋር ስለሚጓዝ የውሃው መቆራረጥ ያስቀረዋል። መፍትሔው እርጥበቱን ሳያዋዥቁ ማቆየት ነው፦ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታና በጥልቀት ማጠጣት፣ ሥሩንም በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ መሸፈን። ውሃው ግንዱ ሥር ይፍሰስ እንጂ ቅጠል አይንካ፤ ጠዋት ማጠጣትም ከማታው ይሻላል።

ረጃጅሞቹ ዝርያዎች በካስማ ወይም በገመድ ይደገፋሉ። በቅጠልና በግንድ መጋጠሚያ ላይ የሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ገና በለጋነታቸው በጣት ይቀነጠሳሉ። አጭሮቹ ግን መቀንጠስ የለባቸውም፤ ፍሬ የሚይዙት እነዚያ ቀንበጦች ናቸውና።

ከተባዮች ሁሉ የሚያሰጋው ቱታ አብሶሉታ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ የገባች ትንሽ የእሳት ራት ስትሆን፣ ትሏ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል እየበላች ነጣ ያለ ዱካ ትተዋለች፤ ከዚያም ፍሬውን ትበሳለች። የብዙ ኬሚካሎችን ኃይል የለመደች ናት። በጥቂት ተክሎች ላይ ግን ዱካ የታየበትን ቅጠልና የተበሳውን ፍሬ በየቀኑ ለቅሞ ማቃጠል ከመርጨት ይልቅ ዋጋ አለው። ኬሚካል የግድ ካስፈለገ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው፣ ከርጭት እስከ ለቀማ ያለው የጥበቃ ጊዜ መከበር አለበት።

ፍሬው ቀለሙን መለወጥ ከጀመረ ወዲህ ቢለቀም እቤት ውስጥ ይቀላል፤ ለመቅላት የግድ ፀሐይ አያስፈልገውም። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ እንዲያውም ቀይ ቀለሙ በደንብ አይፈጠርም። ፍሪጅ ደግሞ መዓዛውን ስለሚያጠፋው ያልበሰለ ቲማቲም ውጭ ይቀመጥ።

ለሚቀጥለው ዘመን ዘር ማስቀረት የሚፈልግ ሰው ከጤናማ ተክል ላይ በደንብ የበሰለ ፍሬ ይመርጣል። ዘሩ ከነጭማቂው ሁለት ሦስት ቀን እንዲብላላ ከተተወ በኋላ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። ከዲቃላ ዝርያ የተወሰደ ዘር እናቱን አይመስልም፤ እንደ ሮማ ቪኤፍ ካለ ዝርያ የተወሰደ ግን ይመስላል፤ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠም እስከ አራት ዓመት ድረስ ይበቅላል።