እናትን ማገዝ ወይስ በፍርድ ማስከልከል?

ሕግ የተማረ ሰው ቢሮ ባይኖረውም ደንበኛ አያጣም። ለቅሶ ቤት ይጠየቃል፣ ሠርግ ቤት ይጠየቃል፣ ታክሲ ውስጥም አይቀርለትም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጥያቄው አንድ ዓይነት እየሆነብኝ መጥቷል። «እናታችን አርጅታለች፣ አንዳንድ ጊዜ ትረሳለች፤ ቤቷና ገንዘቧ እንዳይበላ ምን እናድርግ?» ይሉኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ተምረው ሥራ የያዙ ሰዎች ናቸው። እናትየዋ ያሉት ደጀን፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ነው። ጥያቄው ክፋት የለበትም። የሚያስደነግጠኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ «ፍርድ ቤት ሄደን ሞግዚት ብናስሾምባትስ?»

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ያህል አንዲት የደጀን እናት እናስብ። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል፣ ባላቸው ሞተዋል። ከተማው ውስጥ ሁለት ክፍል የሚያከራዩበት ቤት አላቸው፤ ገጠር ደግሞ በይዞታ ደብተር የተያዘ፣ በእኩል የሚያሳርሱት የጤፍ መሬት አለ። ልጆቻቸው በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ ባንክ ይገባል። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ በጣታቸው ይፈርማሉ። ትናንት የሆነውን ይረሳሉ፣ የመሬታቸውን ድንበር ግን ከነአዋሳኙ ይቆጥሩታል። እኚህን እናት ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን።

ሕጉ ስለ እርሳቸው ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 192 ማንኛውም ሰው በሕግ ችሎታ የለውም ካልተባለ በስተቀር የሕግ ሥራዎችን ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 196 ደግሞ ችሎታ የሚገመት ነው፤ የለውም የሚል ወገን የማስረዳት ሸክም አለበት ይላል። እርጅና ብቻውን ችሎታ አያሳጣም። መሃይምነትም አያሳጣም። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳትማ፣ እንኳን እርሳቸው እኛም የለመድነው ነው። ስለዚህ እኚህ እናት ዛሬ ቤታቸውን ቢያከራዩ፣ ቢሸጡ ወይም ለፈለጉት ቢሰጡ ልጆቻቸው ስላልወደዱት ብቻ ሥራቸው አይፈርስም።

አሁን ልጆቹ የሚያስቡትን መንገድ እንመልከት። ሕጉ «በፍርድ መከልከል» ይለዋል። በአንቀጽ 351 መሠረት ፍርድ ቤት አንድን ሰው የአእምሮው ሁኔታ የሚያደርገውን ለመረዳት የማያስችለው ከሆነና ጤንነቱና ጥቅሙ የሚያስገድድ ከሆነ ሊከለክለው ይችላል። አቤቱታውን ራሱ ሰውየው፣ የትዳር ጓደኛው፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ፣ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርብ ይችላል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ክልከላው ለወራሾች ጥቅም ሲባልም ሊወሰን እንደሚችል ይጨምራል። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብ እጠይቃለሁ። እናት በሕይወት እያለች፣ ልጆች ነገ የሚወርሱት ንብረት እንዳይባክን ተብሎ የእናትየዋ መብት ዛሬ ሊታገድ ይችላል ማለት ነው። እኔ ይህን ንዑስ አንቀጽ ከተማሪነቴ ጀምሮ አልወደድኩትም።

ክልከላው ከተወሰነ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ልጆች ስነግራቸው ይደነግጣሉ። የተከለከለው ሰው እንደ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ይቆጠራል። ለሰውነቱ አሳዳሪ፣ ለንብረቱ ሞግዚት ይሾምለታል። ከዚያ በኋላ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም። ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማግባት አይችልም። ቤት አከራይተው ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሴት የኪራይ ውል መፈረም አይችሉም። ይህን ሁሉ ያመጣው «ባንክ ቤት ገንዘብ ለማውጣት አስቸገረን» የሚል ምክንያት መሆኑን ሳስብ፣ ቁንጫ ለመግደል ቤት ማቃጠል ይመስለኛል።

ታሪኩም ትንሽ ያስገርማል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የክልከላው ሐሳብም የመጣው ከዚያው ከፈረንሳይ ሕግ ነው። ፈረንሳይ ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን ሥርዓት ሽራ በሌላ ተካችው። ጀርመንም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ትታዋለች። እኛ ዘንድ አሁንም አለ። የተበደርነውን ዕቃ ባለቤቱ ከጣለው በኋላም ይዘነው ቀረን።

ስለ ገጠሩ ደግሞ ብዙ የሕግ ሰው የማያስታውሰው አንድ አንቀጽ አለ። አንቀጽ 342 ከሁለት ሺሕ የማይበልጥ ነዋሪ ስላለው ቀበሌ ይናገራል። በእንዲህ ያለ ቦታ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት አንድን ሰው የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚያግዱት ከሆነ፣ የአእምሮ ሕመሙ በሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ሆኖ ይቆጠራል። የፍርድ ቤት ውሳኔ አያስፈልግም። እንዲህ ከተቆጠረ በኋላ የፈጸማቸው ውሎች እንዲፈርሱ ራሱም፣ ወኪሎቹም፣ ወራሾቹም ሊጠይቁ ይችላሉ። በደጀን ዙሪያ ባሉ መንደሮች «ትጠፋብናለች» ብሎ እናትን ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ እንደ ፍቅር የሚታይ ነገር ነው። ሆኖም ያ በር መዝጋት በሕግ ፊት ውጤት ሊኖረው እንደሚችል የሚያውቅ ቤተሰብ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ምን ይሻላል? በእኔ አስተያየት ብዙው ችግር የሚፈታው በውክልና ነው፤ ያውም በጥንቃቄ በተጻፈ ውክልና። ውክልና ከክልከላ የሚለየው በመሠረቱ ነው። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከእናትየዋ ፈቃድ ነው። በፈለጉት ጊዜ ይሽሩታል። ውክልና ሰጡ ማለት የራሳቸውን መብት አጡ ማለት አይደለም፤ ተወካዩ እያለም ራሳቸው መፈረም ይችላሉ። ተወካዩ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ፣ በቅን ልቦና እንዲሠራና ሒሳብ እንዲያቀርብ ሕጉ ያስገድደዋል።

ስህተቱ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። ራፖር ጸሐፊው «ማናቸውንም ጉዳይ በእኔ ስም እንዲፈጽም» ብሎ ያሰፍርና ሁሉም ተደስቶ ይሄዳል። በሕጉ ግን በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያስገኘው የአስተዳደር ሥራ ሥልጣን ብቻ ነው። ይኸውም ንብረትን መጠበቅና መጠገን፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መቀበልና መክፈል የመሳሰለው ነው። የእርሻ ምርት መሸጥም በዚሁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የእናትየዋን ጤፍ ለመሸጥ ጠቅላላው ውክልና ይበቃል። ቤቱን ለመሸጥ፣ በመያዣ ለመስጠት፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ለመታረቅ ወይም በፍርድ ቤት ለመከራከር ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ባንኮችም ገንዘብ ስለ ማውጣት በግልጽ ካልተጻፈ አይቀበሉም፤ ልክም ናቸው።

ይህ ክፍፍል ለእኛ ጉዳይ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሁሉንም ነገር ለአንድ ልጅ አሳልፎ መስጠት ግዴታ አይደለም። ኪራይ መሰብሰቡን ደጀን ላለችው ልጅ፣ የባንኩን ጉዳይ ለሌላው መስጠት ይቻላል። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ለእናትየዋና ለሌሎቹ ልጆች እንዲነገር መጻፍ ይቻላል። የቤት ሽያጩን ጨርሶ አለመስጠትም ይቻላል። አንዲት የቅርብ ዘመዴ ውክልና ሲሰጡ፣ ምርቱ ከመሸጡ በፊት ዋጋው በስልክ ይነገረኝ የሚል ቃል ካልገባ አልፈርምም ብለው ነበር። ጸሐፊው ሳቀ። እኔ ግን እርሳቸው ከሁላችንም የተሻለ የሕግ ሰው ሆነው ነበር የታዩኝ።

አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ። አንቀጽ 2232 ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል ይላል። ታዲያ ውክልናው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቀን ይቀራል ማለት አይደለም ወይ? አንቀጹ ግን «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ» በሚል ሐሳብ የተገደበ ነው። እኔ እንደምረዳው እናትየዋ «ወደፊት አእምሮዬ ቢደክምም ይህ ውክልና ይቀጥል» ብለው በግልጽ ማስጻፍ ይችላሉ። ይህን ቃል በውክልና ላይ የሚያስገባ ሰው እምብዛም አላየሁም፤ ዋጋው አንድ መስመር ቀለም ነው። ቁም ነገሩ ጊዜው ላይ ነው። የሚሰጡትን ሥልጣን ምንነት በሚያውቁበት ጊዜ መሰጠት አለበት። የሚያደርጉትን ለማይረዱ ሰው ጣት ይዞ ቀለም ላይ ማስነካት ማጭበርበር ነው።

ስለ ጣት ካነሳን፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በአንቀጽ 1728 መሠረት የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። በዚያ ላይ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922 ውክልና እንዲረጋገጥ ያዛል። እናትየዋ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱ ሰነዱ ይነበብላቸው፤ ልጆቹም ያን ጊዜ ዞር ቢሉ ጥሩ ነው። ሰው በልጁ ፊት እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ትቶ የኤቲኤም ካርዱንና የቴሌብር ምሥጢር ቁጥሩን ለልጅ ልጅ ይሰጣል። ለጊዜው ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገድ ተዘግቶ ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን መድረስ ያልተቻለባቸው ጊዜያት ነበሩና አልፈርድባቸውም። ገንዘቡ ሲጎድል ግን ማን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንዳወጣው የሚያሳይ ነገር አይኖርም።

የገጠር መሬት የራሱ ጠባይ አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። በአማራ ክልል የመሬት ሕግ ግን ባለይዞታ ማከራየት፣ መስጠትና ማውረስ ይችላል። እዚህ ላይ «ጧሪ» የሚባለው ሰው ይመጣል። እናትየዋ መሬታቸውን ለሚጦራቸው ሰው ይሰጣሉ፤ ደብተሩ ይዛወራል፤ ከዚያ ጡረታው ይቀራል። ስጦታው በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ ጧሪው የገባው ግዴታ አብሮ ሊሰፍር ይገባል፤ ምን ያህል እህል፣ ማን ያሳክማል፣ ማን አብሮ ያድራል የሚለው ሁሉ። ከዚያ በተሻለ ደግሞ መሬቱን ሳይሰጡ ማከራየት ነው። ባለደብተር እናት ጠያቂ አያጡም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል። መንግሥት ያለበት ግዴታ ችሎታቸውን የሚጠቀሙበትን ድጋፍ ማመቻቸት ነው። ፔሩ በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጓን ለውጣ፣ ሰው የሚያምነውን ደጋፊ ራሱ የሚመርጥበትን ሥርዓት ዘርግታለች። ለእኛ ሐሳቡ ባዕድ አይመስለኝም። የጎጃም ገበሬ በሬ ሲሸጥ እንኳ ጎረቤት ያማክራል፤ ለትልቅ ጉዳይ ሽማግሌና የነፍስ አባት ይጠራል። የሚወስነው ግን ባለበሬው ነው።

አእምሮ በእርግጥ የደከመበት፣ ውክልና ሳይሰጥ የቀረበትና ንብረቱ በተንኮለኛ እጅ የወደቀበት ሁኔታ ሲኖር ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ይሆናል። ያን ጊዜም ቢሆን ፍርድ ቤቱ ሰውየው ፊቱ ሳይቀርብ አይወስንም፤ መቅረብ ካልቻለ ከዳኞቹ አንዱ ወይም የተሾመ ባለሙያ ሄዶ ሊያየው ይገባል። ልጆች የሐኪም ወረቀት ብቻ ይዘው ሲመጡ እናትየዋ የት አሉ ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ ሥራውን ሠራ። ሌላው የተረሳ በር አንቀጽ 371 ነው። ፍርድ ቤቱ ሲከለክልም ሆነ ከከለከለ በኋላ የክልከላውን ውጤት ማቅለልና አንዳንድ ሥራዎችን ሰውየው ራሱ እንዲፈጽም መፍቀድ ይችላል። ቤቱ እንዳይሸጥ ተከልክሎ፣ ኪራዩን ግን እናትየዋ ራሳቸው እንዲቀበሉና እንዲያወጡት ማድረግ ይቻላል። የሚጠይቅ ጠበቃ ግን ያስፈልጋል፤ አቤቱታዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉን ወይም ምንም ናቸው።

ክልከላው ከዓመታት በፊት የተወሰነባችሁ ቤተሰቦችም ጉዳዩ አልተዘጋም። ምክንያቱ ሲወገድ ክልከላው እንዲነሳ ማመልከት ይቻላል፤ መጀመሪያ እንዲከለከል መጠየቅ የሚችሉት ሁሉ፣ ሞግዚቱና አሳዳሪውም ጭምር እንዲነሳ መጠየቅ ይችላሉ።