የመፀው አቧራና ዓይናችን

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ሁላችንም ደስ ይለናል። ዓይናችን ግን ብዙ ጊዜ ደስታውን አይጋራንም። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው የመፀው ወቅት የዓይን ማሳከክ የሚበረታበት ነው። የጉርድ ሾላ ነዋሪ ከሆኑ ምክንያቱን ማንም ሳይነግርዎ ያውቁታል። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ የነበረው የውስጥ ለውስጥ መንገድ በጥቅምት አቧራ ይሆናል፤ ከመገናኛ ወደ አያት የሚመላለሰው መኪናም ያነሣዋል። በዚያ ላይ የሣሩና የአበባው ብናኝ አለ። ፀሐዩም ቀላል አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ዓይን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በቆላው ካለው ይበረታል።

ታዲያ ዓይንዎ ሲቀላ በመጀመሪያ ምን እንደሆነ ይለዩ። ሁለቱም ዓይን አንድ ላይ የሚያሳክክ፣ የሚያለቅስና እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አለርጂ ነው፤ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ከአንዱ ዓይን ጀምሮ ወደ ሌላው የሚሄድ፣ መግል ያለውና ጧት ሽፋሽፍትን የሚያጣብቅ ከሆነ ግን በተሕዋስያን የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከቤተሰቡ ሁሉ ይዳረሳል። በልጆች ላይ፣ በተለይ በወንዶቹ፣ አለርጂው ይጠናል። ብርሃን ይሸሻሉ፣ የዓይናቸው ነጭ ይደፈርሳል፣ ቀኑን ሙሉ ያሻሉ። ለዓመታት አጥብቆ ማሸት የዓይንን መስተዋት ቅርጽ ሊያበላሽ ስለሚችል «ልጅ ነው፣ ይተወዋል» ብለው አይለፉት።

ዋናው ጉዳይ ግን መድኃኒቱ ነው። ዓይኑ ያሳከከው ሰው መድኃኒት ቤት ጎራ ይልና ጠብታ ይገዛል። በሁለት ቀን ይሻለዋል። ሲመለስበት ያንኑ ይገዛል፤ ጎረቤትም ስሙን ጽፎ ይወስዳል። ጠብታው ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለበት ከሆነ አደጋ አለው። እነዚህ ስቴሮይዶች መቅላቱን ቶሎ ያጠፋሉ፤ ነገር ግን ለሳምንታትና ለወራት ሲወሰዱ የዓይንን ውስጣዊ ግፊት ከፍ ሊያደርጉና ግላኮማ ሊያመጡ ይችላሉ። ግላኮማ ብዙውን ጊዜ አያምም። ሰውየው ሲነቃ የዓይኑ ነርቭ ተጎድቷል፤ የጠፋው እይታም አይመለስም። የዓይን ሞራም ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ እሱስ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። እንግዲህ ከመግዛትዎ በፊት የብልቃጡን ጽሑፍ ያንብቡ። አንዳንዱ ከፀረ ተሕዋስያን ጋር ስለሚቀላቀል በስሙ ብቻ አይታወቅም። ሐኪም ካዘዘልዎ ባዘዘልዎ ቀን ልክ ይውሰዱ። ያለፈው ዓመት ትራፊ ካለ ይጣሉት፤ ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወር አያልፍም።

ቤት ውስጥ የሚረዳው ቀላል ነው። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው በተዘጋ ዓይን ላይ ያሳርፉ። ከውጭ ሲገቡ ፊትዎን ይታጠቡ፤ ውዱእ ለሚያደርግ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ብቻ ውኃው የሚፈስ ይሁን፣ ፎጣውም የየራስ ይሁን። ባርኔጣ ይጠቅማል። መነጽር ሲገዙ ከጨረር የሚከላከል መሆኑን ይጠይቁ፤ ጥቁረቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ኩል የሚኳሉ እናቶችና እህቶች መኳያውን አይዋዋሱ። አንዳንዱ ኩል እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ስላለበት ሕፃናትን ባይኳሉ ይመረጣል።

ልጆች ይዘው ወደ ገጠር የሚሄዱ ከሆነ ትራኮማን አይርሱ። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ የአገራችን ሕፃናት 40 ከመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር፤ የአማራ ክልል ቁጥር ከዚያም ይበልጥ ነበር። በሽታውን ዝንብ፣ እጅና ፎጣ ያዛምቱታል። የልጅን ፊት አዘውትሮ ማጠብ ከመከላከያዎቹ አንዱ ነው።

ስለ ምግብ ካነሣን ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመን፣ ፓፓያና የእንቁላል አስኳል ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ካሮቱና ጎመኑ ጥቂት ዘይት ቢነካቸው ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምባቸዋል። አለርጂን ግን ካሮት አያድነውም።

ዓይንዎ ቀልቶ ካመመዎ፣ እይታዎ ከደበዘዘ፣ ብርሃን ማየት ካቃተዎ ወይም በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካዩ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይሂዱ። በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። እስኪደርሱ ድረስ የእናት ጡት ወተትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ዓይንዎ ውስጥ አይጨምሩ።